የኤሌክትሪክ መኪናው ነዳጅን ተሰናበተ፤ ጎማውስ?

ኢትዮጵያ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሏ በይፋ የተነገረው በጥር 2016 ዓ.ም ነበር። በወቅቱ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ለውሳኔው ያቀረቡት ዋነኛ ምክንያት አገሪቱ ነዳጅ ለመግዛት የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ከአቅሟ በላይ መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች መልክ ተለውጧል። በቻይና የተሠሩ ቢዋይዲዎች፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የቶዮታ ቢዜድ 4ኤክስ መኪኖች የዕለት ተዕለት ዕይታ ሆነዋል። ባለሥልጣናት የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ከ100 ሺህ ማለፉን ተናግረዋል።

ውይይቱ እስከ አሁን ያተኮረው በባትሪ፣ በቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያና በመብራት መቆራረጥ ላይ ነው። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ብዙዎቹ አሁን የደረሱበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣቸው ጎማዎች አልቀዋል፣ በምን ይተኩ? ጥያቄው ተራ የጥገና ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የቤተሰብን ወጪ፣ በክረምት መንገድ ላይ ያለን ደኅንነት፣ ከዚያም አልፎ ፖሊሲው ሊያድነው ያሰበውን የውጭ ምንዛሪ ይነካል።

ጎማው ለምን ቶሎ ያልቃል?

የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ካንዴላም ሆነ የነዳጅ ፊልትሮ የለውም። ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራውም ከተለመደው በላይ ይቆያል። ይህ ሁሉ የጥገና ወጪን ይቀንሳል። ጎማ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። የአይዲ 4 ትልቁ ባትሪ ብቻውን ወደ ግማሽ ቶን ይጠጋል፤ መኪናው ባዶውን ከ2 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ተመሳሳይ መጠን ካለው የነዳጅ መኪና ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ነው። ይህን ጭነት ከመሬት ጋር የሚያገናኙት ደግሞ እያንዳንዳቸው ከመዳፍ ብዙም የማይሰፉ አራት የጎማ ንክኪዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የሞተሩ ጠባይ ነው። የነዳጅ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ገና ከቆመበት ሲነሣ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ይለቃል። አሽከርካሪው በመብራት ላይ ቆሞ ሲነሣ የሚሰማው ደስ የሚል ግፊት በጎማው ጥርስ ላይ የሚያርፍ ፍቀት ነው። ኃይል እየመለሰ ፍጥነትን የሚቀንሰው ሥርዓትም ቢሆን ሸራውን ያሳርፋል እንጂ ጎማውን አያሳርፍም፤ መኪናውን የሚይዘው ኃይል የሚያልፈው በሚነዳው አክስል ጎማዎች በኩል ነውና።

የፈረንሳዩ ሚሽሊንን ጨምሮ ትልልቅ አምራቾች ለኤሌክትሪክ መኪና ያልታሰበ ጎማ በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ሲገጠም በ20 በመቶ ገደማ ፈጥኖ እንደሚያልቅ ይገልጻሉ፤ ከዚህም የላቀ ቁጥር የሚጠቅሱ አሉ። በዚህ ስሌት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቆይ የነበረ ጎማ ወደ 33 ሺህ ይወርዳል ማለት ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን የሚሠራ የራይድ አሽከርካሪ በዓመት 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ይነዳል። እርሱ ዓመት ሳይሞላው ጎማ ይገዛል።

“ለሁሉም ወቅት” የሚባለው ለማን ወቅት ነው?

በገበያው ላይ በብዛት የሚሰማው ስያሜ “ኦል ሲዝን” ወይም ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ የሚለው ነው። ስያሜው የተወለደው ግን በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ይደርቃል፣ መሬት የመቆንጠጥ አቅሙም ይቀንሳል። የክረምት ጎማ በአንጻሩ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ለሁሉም ወቅት የሚባለው ጎማ በሁለቱ መካከል የተገኘ ስምምነት ነው።

በዋሽንግተን፣ በዴንቨር ወይም በሚኒያፖሊስ ለሚያሽከረክር ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ይህ ስምምነት ትርጉም አለው። እርሱ ሊያስተውለው የሚገባው በጎማው ጎን ላይ ያለውን ምልክት ነው። “ኤም እና ኤስ” የሚሉት ፊደላት አምራቹ በራሱ የሚሰጣቸው መግለጫ ናቸው። ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የተሣለው የበረዶ ቅንጣት ግን ጎማው በበረዶ ላይ የተቀመጠ ፈተና ማለፉን ያመለክታል።

በምሥራቅ አፍሪካ ጥያቄው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢም ሆነ በኪጋሊ በረዶ የሸፈነው ጎዳና የለም። እዚህ አደጋ የሚያመጣው ውሃ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ፣ በኬንያ ረጅሙና አጭሩ የዝናብ ወራት መንገዱን በውሃ፣ በጭቃና በዘይት ቅሪት ይሸፍኑታል። የጎማው ጥርስ ውሃውን ወደ ጎን መግፋት ሲያቅተው መኪናው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪውም ሆነ ፍሬኑ አይታዘዝም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ደግሞ አንዴ ከተንሸራተተ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ከቀላሉ መኪና የበለጠ ነው።

ስለዚህ በቀጣናው ላለ ገዢ የበረዶ ቅንጣቱ ምልክት ተጨማሪ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት አይደለም። ሁለት ነገሮች ግን ዋጋ አላቸው። አንደኛው በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆንጠጥ አቅም፣ ሁለተኛው ሙቀት የመቋቋም አቅም ነው። የመጀመሪያው በደጋው፣ ሁለተኛው ደግሞ በአዋሽ፣ በአፋር፣ በድሬዳዋና በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ምን ይናገራል?

አብዛኛው ሸማች ከሻጭ የሚጠይቀው መጠንና ዋጋ ነው። 235/55 አር 19 የሚለው ጽሑፍ የጎማውን ስፋት፣ የጎኑን ቁመትና የቸርኬውን ዲያሜትር ይነግራል። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ይበልጥ ወሳኝ ነው። እርሱም የጭነት መለኪያው ነው።

የጭነት መለኪያ 91 የሆነ አንድ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል። 95 ሲሆን 690፣ 101 ሲሆን 825፣ 105 ሲሆን 925 ኪሎ ግራም ይደርሳል። መጠናቸው አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች የተለያየ የጭነት መለኪያ ሊኖራቸው ይችላል፤ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛውን የያዘው ነው። 2,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጫንበት 2,600 ሊደርስ ይችላል። ክብደቱም በአራቱ ጎማዎች ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ ቁልቁለት፣ መታጠፊያና ፍሬን በአንዱ ወገን ላይ ይጨምሩታል። ለዚህ ነው በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎማ ላይ “ኤክስኤል” የሚል ምልክት የሚገኘው። ይህ ጎማው የተጠናከረ መሆኑን ያሳያል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጭነት ለሚሸከሙ ጎማዎች “ኤችኤል” የሚለው ምልክት መጥቷል።

ትክክለኛው መለኪያ የት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቅርብ ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ችግሩ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ወረቀቱም ሆነ መመሪያው በቻይንኛ መጻፉ ነው። ቁጥሮቹ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ናቸው። የተሻለው መንገድ አሮጌው ጎማ ከመውለቁ በፊት በጎኑ ላይ ያለውን ሙሉ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ አዲሱም ከዚያ ያላነሰ የጭነትና የፍጥነት መለኪያ እንዲኖረው መጠየቅ ነው።

አንዳንድ መኪኖች ሌላ ወጥመድ አላቸው። የአይዲ 4 የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት ይለያያል፤ ለምሳሌ ባለ 19 ኢንች ቸርኬው ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ሚሊ ሜትር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት እያዛወሩ እኩል እንዲያልቁ ማድረግ አይቻልም። አራት ተመሳሳይ ጎማ መግጠምም አምራቹ ካሰበው የተለየ ነው። የአራቱ ጎማዎች መጠን እኩል በሆነባቸው መኪኖች ላይ ግን በየ8 እና 10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ማቀያየር የጎማን ዕድሜ በርካሽ ለማራዘም የሚያስችል ቀላል ዘዴ ነው።

የመጨረሻው ጽሑፍ የጎማው የልደት ቀን ነው። “ዶት” ከሚለው ምልክት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2323 ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። በመጋዘን ወይም በፀሐይ ዓመታት የቆየ “አዲስ” ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ የደረቀ ሊሆን ይችላል። ከአውሮፓና ከእስያ ያገለገሉ ጎማዎች በሚገቡባቸው የአፍሪካ ገበያዎች ይህችን ቁጥር ማንበብ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

የግድ “የኤሌክትሪክ ጎማ” መሆን አለበት?

ትልልቆቹ አምራቾች በጎናቸው ላይ “ኢቪ” ወይም ተመሳሳይ ምልክት ያለባቸውን ጎማዎች ለገበያ አቅርበዋል። እነዚህ ጎማዎች በአብዛኛው የተጠናከረ ጎን፣ መሬት ላይ ሲንከባለሉ አነስተኛ ኃይል የሚወስድ ላስቲክ፣ አንዳንዶቹም ድምፅ የሚቀንስ ስፖንጅ በውስጣቸው አላቸው። ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ምልክቱ በሕግ የሚጠየቅ አይደለም። መጠኑ፣ የጭነትና የፍጥነት መለኪያው የሚስማማ ጥሩ ጎማ ያለዚህ ምልክትም በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሊገጠም ይችላል።

ምርጫውን ከባድ የሚያደርገው ሦስት ፍላጎቶች በአንድ ላስቲክ ውስጥ መጋጨታቸው ነው። ኃይል የሚቆጥብ፣ እርጥብ መንገድን የሚቆነጥጥና ብዙ የሚቆይ ጎማ ሁሉም ይፈልጋል። አንዱን ሲያጠብቁ ግን ሌላው ይላላል። ኃይል እንዲቆጥብ ጥርሱ ቀጭን ሆኖ የተሠራ ጎማ ቶሎ ያልቃል። ለረጅም ዕድሜ የደረቀ ላስቲክ በዝናብ ሊያንሸራትት ይችላል።

አዲስ ጎማ ከገጠሙ በኋላ መኪናው በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ቀነሰ የሚል ቅሬታም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀላል ስሌት እንውሰድ። መኪናው ከሚጠቀመው ኃይል ሩቡን የሚወስደው የጎማው መንከባለል ነው እንበል። አዲሱ ጎማ በዚህ ረገድ ከአሮጌው በ20 በመቶ ቢብስ፣ አጠቃላይ ፍጆታው በ5 በመቶ ይጨምራል። 400 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው መኪና ወደ 380 ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ድሬዳዋ ለሚጓዝና በመንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ለማያገኝ ሰው ይህ ልዩነት ጉዳይ ነው። ሌሊት ቤቱ ቻርጅ እያደረገ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ግን 20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያሳስበውም፤ እርሱ በዝናብ የሚይዝና የሚቆይ ጎማ ቢመርጥ ይጠቀማል።

ከዋጋ አንጻርም መጠየቅ ያለበት “ጎማው ስንት ነው?” የሚለው ብቻ አይደለም። በ100 ብር ተገዝቶ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድና በ150 ብር ተገዝቶ 50 ሺህ የሚሄድ ሁለት ጎማ ቢኖር ውዱ የመጀመሪያው ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ሥሌቱ ግን በማንኛውም ገበያ ይሠራል። ሁለቱም ምርጫዎች ትርጉም የሚኖራቸው የጭነት መለኪያው ከተሟላ ብቻ ነው። በእርሱ ላይ ድርድር የለም።

ከደጋ ወደ ቆላ፡ የአየር ግፊቱ ጉዳይ

ትክክለኛ ጎማ በተሳሳተ የአየር ግፊት ከተነዳ ጥቅሙ ይጠፋል። አየር ያነሰው ጎማ በጎኑ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ዳር ዳሩ ያልቃል፣ ኃይልም ይበላል። ከባድ መኪና ላይ ጉዳቱ ይፈጥናል።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለዚህ የራሱን ፈተና ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የከባቢው አየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከከፍታ ለውጥ የተነሣ ብቻ መለኪያው በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ3 ፒኤስአይ በላይ ልዩነት ያሳያል። የሙቀት ለውጥም በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየሱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ወደ ቆላ ሲወርዱ ከፍታው የቀነሰውን ሙቀቱ ይመልሰዋል። አደጋው ያለው በተገላቢጦሹ ነው፤ በቆላ ሙቀት፣ ጎማው ከጉዞ ትኩስ ሳለ “ልክ” የተነፋ ጎማ በማግሥቱ በደጋው ብርድ ሲለካ ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ በተጻፈው ቁጥር መሠረት ነው። ለአሮጌው ቀላል መኪና ይነፋ የነበረውን ግፊት በልማድ ለአዲሱ መንፋት ስህተት ነው።

ጎሚስታውም አዲስ ሙያ ይሻል

ሽግግሩ በሾፌሩ ላይ ብቻ አይቆምም። በየመንደሩ በር ላይ የሚገኘው ጎሚስታ የማያውቀው መኪና መጥቶበታል። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ ክሪክ በተገኘው ቦታ ሊደገፍ አይችልም፤ አምራቹ ከወሰናቸው ነጥቦች ውጭ ማንሣት የባትሪውን ሽፋን ሊጎዳ ይችላል። በውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ጎማ ሲበሳም ስፖንጁ በቦታው ተቆርጦ ካልተነሣ መለጠፊያው አይይዝም። ብዙዎቹ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ የሚመጣው የአየር መሙያና የመድፈኛ ፈሳሽ ለትንሽ ቀዳዳ እንጂ በጉድጓድ ለተቀደደ ጎን አይሆንም። በመንገድ ሥራ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ውድ ጎማን በጥቂት ወራት ሊጨርስ ስለሚችል፣ አዲስ ጎማ ሲገጠም ማስተካከሉ ከወጪ የሚቆጠር ቅንጦት አይደለም።

የውጭ ምንዛሪው ወዴት ሄደ?

የኢትዮጵያ መንግሥት ሙግት ግልጽ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከአገር ውስጥ ወንዞች ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ለዚህ ሙግት ጉልበት ሰጥቶታል። የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ለብዙ ቤተሰቦችም ስሌቱ አሳማኝ ሆኗል።

ጎማ ግን ከወንዝ አይመነጭም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ጎማ ዋጋም ይህንኑ ይከተላል። ከነዳጅ የዳነው ዶላር ሙሉ በሙሉ ወደ ጎማ ሄደ ማለት አይቻልም፤ የነዳጅ ወጪው እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ቶሎ የሚያልቅና በጥራቱ ያልተመረጠ ጎማ ከቁጠባው ላይ ሳይታይ የሚቀንስ ቀዳዳ ነው።

በቀጣናው ያለው የማምረት አቅምም አያጽናናም። በኬንያ ሳሚር አፍሪካ የናይሮቢ የጎማ ፋብሪካውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የዘጋው ከርካሽ የውጭ ምርቶች ጋር መወዳደር አቅቶት ነው። በታንዛኒያ የአሩሻው ጄኔራል ታየር ከዚያ ቀድሞ ሥራ አቁሟል። በኢትዮጵያም ጎማ ማምረት የውጭ ጥሬ ዕቃ የሚጠይቅ በመሆኑ ከምንዛሪ እጥረት ነጻ አይደለም። በሌላ በኩል ፍላጎቱ እያደገ ነው። በናይሮቢ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች፣ በኪጋሊ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ሥራ ላይ ናቸው፤ እነርሱም በተራቸው ጎማ ይጨርሳሉ።

ሌላው ዓለም ጉዳዩን በሕግ መያዝ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እያንዳንዱ አዲስ ጎማ የኃይል ቁጠባና የእርጥብ መንገድ ብቃቱን ከኤ እስከ ኢ በሚደርስ ደረጃ እንዲያሳይ ያስገድዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የጸደቀው “ዩሮ 7” የተሰኘው ደንብ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎማ ፍቀት በሚወጣው ብናኝ ላይ ገደብ የሚጥል ሥርዓት አምጥቷል። ጭስ የሌለው መኪናም ከጎማው የሚረግፍ ብናኝ አለውና።

በቀጣናው ያሉ መንግሥታት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያደርጉት አይችሉ ይሆናል። ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ግን አሉ። አስመጪዎች የመኪናውን የጎማ መጠን፣ የጭነት መለኪያና የአየር ግፊት በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አብረው እንዲሰጡ ማድረግ፣ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ላይ ከጥርሱ ጥልቀት ጋር የጭነት መለኪያውንም ማየት፣ ለጎሚስታዎች አጭር ሥልጠና መስጠት ይቻላል።

ባለቤቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው አለ። በአውሮፓ ሕጋዊው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለው ብቃት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲቃረብ መዳከም ይጀምራል። በሰኔ መግቢያ ላይ ጥርሱ እዚህ የደረሰ ጎማ ክረምቱን ባያልፍ ይሻላል። ከሚያዝያና ከግንቦት ጀምሮ መለካት፣ ማነጻጸርና መግዛት፣ ዝናቡ ከጣለ በኋላ በችኮላ የተገኘውን ከመግጠም ያድናል።